ስመኝ ጥቁር ለብሳ የመጣች ዕለት

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ግቢው ብወጣ፣ የጎረቤት ልጅ ጥቁር ጂንስ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ በረኪና ታፈስበታለች። ሽታው ገና አፍንጫዬን ሲነካኝ ያለሁበት ጠፋኝ፤ ዳንግላ፣ የስፌት መኪናዬ ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ። «እማማ፣ ሽታው ረበሸዎት?» አለችኝ። «ኧረ አልረበሸኝም። ግን ውሃ ጨምሪበት ልጀ፤ እንዲህ ከለቀቅሽው ጨርቁን ይበላዋል፤ ሰው ፊት ስትቀመጭ ነው ጉድሽ የሚፈላ» አልኳት። ቀና ብላ ነጠላዬንና ሽበቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። ይቺ አሮጊት ስለ ጂንስ ምን ታውቃለች ማለቷ ነው። አልፈረድኩባትም። በዚያ ዘመን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ጉልበቱ ተቀዶ ሲንጎራደድ ከነበረው ጂንስ ግማሹን የቀደድኩት እኔ መሆኔን ከየት ታውቀዋለች?

ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ። ሁለት ሺህ ምናምን ነው፤ የዳንግላ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት፣ የጋሪ ፈረሶች በአዲሱ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተቱ ባለቤቶቻቸውን ሲያሳቅቁ የነበረ ጊዜ። ሱቄ ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት ነበር፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ የእግር መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ። ከኋላ መኖሪያችን አለ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ቀሚስ አጠባለሁ፣ የገበሬውን ኮት እጥፋለሁ። ሱሪ ማሳጠር አምስት ብር፣ ዚፕ መቀየር አሥር ብር ነበር። አንድ ቀን ታዲያ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ መጠቅለያ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ አዲስ ጂንስ ይዞ መጣና «እታለም፣ ይቺን ቅደጅልኝ» አለኝ። «ምኑን?» «ጉልበቱን፤ ሁለቱንም።» «አሞሃል እንዴ?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ፤ አንድ ፀጉሩ እንደ አውራ ዶሮ የቆመ ፈረንጅ፣ ጉልበቱ ውጭ የወጣ፣ በሰንሰለት የታጠረ። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ስጥፍ ኖሬ ደህና ጨርቅ መቅደድ እጄ እምቢ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው መቀሱን የሰደድኩት።

ከዚያ በኋላ እጄ ለመደ፤ እንዲያውም ተካነ። መቅደድ ዝም ብሎ መቅደድ አይደለም። በምላጭ አግድም ትሰነጥቂዋለሽ፤ ሰማያዊውን ክር አንድ በአንድ ትመዥያለሽ፤ ነጩ ክር ሳይበጠስ እንደ ሸረሪት ድር ይቀራል። ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት ታሺዋለሽ። ከዚያ በረኪና በጥርስ ብሩሽ ነካ ነካ ታደርጊና ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ። ሃያ አምስት ብር ነበር የማስከፍለው፤ ከመጣፍ ይልቅ መቅደድ እንጀራ የሚሆንበት ዘመን መጣ ብዬ እየሳቅሁ። አሁንማ ከፋብሪካ ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ አርጅቶ ነው የሚመጣው፤ የማንም እጅ የለበትም።

ልጆቹ ነገሩን «ፓንክ» ይሉት ነበር። ፓንክ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዳንግላ ውስጥ ነበረ ብዬ አላምንም። አንዱን ብጠይቀው «የፀጉር ቁርጥ ነው እታለም» አለኝ፤ ሌላው «የተቆጣ ሰው ማለት ነው» አለኝ። የተቆጣ ግን አላየሁም። ከሰልባጅ የገዙትን ጥቁር ሌዘር ጃኬት ለብሰው፣ ኮሌታው ላይ መርፌ ቁልፍ እንደ ሜዳልያ ደርድረው፣ ከፈረስ ልጓም የተፈታ የሚመስል ሰንሰለት ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ትልቅ ሰው ሲያዩ ጎንበስ ብለው ትከሻ ይስማሉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሳለሙ ሰንሰለቱ ይንሿሿል። የሕፃን ጨርቅ ማያያዣው መርፌ ቁልፍ ከየሱቁ ጠፍቶ አራሶች የተቸገሩበት ወር ነበር። ሙዚቃ ሚሞሪ ላይ የሚጭኑት ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮሁታል፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። እሑድ እሑድ ሚኒባስ ሞልተው ወደ ጥርባ ይሄዱና ዘንገና ሐይቅ ዳር ፎቶ ይነሳሉ፤ በዚያ ብርድ ጉልበታቸው ውጭ ወጥቶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ። ፎቶውን አምጥተው ያሳዩኛል። ጉልበታቸውን አይቼ የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ይሁኔ ይኼን ሥራዬን አይወደውም ነበር። ወረዳ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። ካኪ ሱሪውን በየማታው ራሱ ይተኩሳል፤ እጥፋቱ ሰው ይቆርጣል። መጀመሪያ የቢሮ ሰው መኩራራት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱን ልጅ ሱቄ በር ላይ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠና ማታ እንዲህ አለኝ፦ «አለምነሽ፣ እኔ ከገጠር፣ ከአዊኛ በቀር ሳላውቅ ነው ትምህርት ቤት የገባሁ። ሱሪየ ከኋላ ቀዳዳ ነበር። እረፍት ላይ ልጆቹ ሲሮጡ እኔ ጀርባየን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው የምቆም። ሁለት ዓመት እንደዚያ ቆሜአለሁ። እና አሁን ሰው ከፍሎ ያንን ሲገዛ ሳይ ያ ግድግዳ ነው የሚታየኝ።» ከዚያ በኋላ እሱ ከሥራ ሲመጣ የቀደድኳቸውን ከስፌት መኪናው ሥር እደብቃቸው ጀመር። መቅደዱን ግን አልተውኩም፤ ኪራዩ በምን ይከፈል?

ትንሿ ልጃችን ስመኝ በዚያ ላይ እንጅባራ ኮሌጅ ገብታ ነበር። ታላላቆቿ ወንድሞቿ ርቀው ስለሚሠሩ ቤታችን የምትመጣው እሷ ነች። ዓርብ ዓርብ ከሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ ሱቄ ትገባና ቀሚስ ትለብሳለች፤ እሑድ ማታ እንደገና ገብታ ጂንሷን ታጠልቃለች። ያንን ጥቁር ጂንስ ለእሷ የቀደድኩት እኔው ነኝ፤ ከሠራኋቸው ሁሉ እሱን የሚያክል አልነበረም፤ ክሩ አንድም ሳይበጠስ። አባቷ ግን አንድ ቀን ያዛት። አልጮኸባትም። «ሱሪውን እንዳላየሁ አልፋለሁ፤ ፀጉርሽን ግን እንደነዚያ ልጆች ጎን ጎኑን ብትላጭው ቤቴ እንዳትመጭ» አላት። እሷም ፀጉሯን ለመቆረጥ የማትምልበት ቅዱስ አልነበረም፤ በየሳምንቱ አባቷን እንዳግባባላት ትለምነኛለች። እኔም በየሳምንቱ «ተይው፣ እንደምንም ይረሳዋል» እላት ነበር። አባቷም አልረሳ፣ እሷም አልተወች።

ክረምት ገባ። የዳንግላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ገበያ ውዬ ስመለስ ጭቃው አሽቀነጠረኝና ቁርጭምጭሚቴ ወለቀ። ወጌሻው አሽቶ በቀርቀሃ ስንጥር ጠፍሮ አሰረኝና «ወር ሙሉ እንዳትረግጭበት» አለኝ። ይህ በሆነ በሳምንቱ ነው ይሁኔ ሆዱን ይዞ የወደቀው። የዚያን ዕለት ማታ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ጤና ጣቢያው «አንጀቱ ተጠማዟል፣ አሁኑኑ ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን» አለን። በዚህ በሽታ ሄደው በሳጥን የተመለሱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃቸው ነበር። ለክረምት ዕረፍት መጥታ የነበረችው ስመኝ አንድ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከአባቷ ጋር መኪናው ላይ ወጣች። እኔ በአንድ እግሬ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይሁኔ በመስኮቱ እጁን አወጣና «እግርሽን አትርገጭበት» አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው የኖርኩት ባሌ ሊሞት ይችላል፣ እኔም የነገርኩት ነገር ቢኖር «ኮትህን ደርብ» ብቻ ነበር።

በማግስቱ ስመኝ ደወለች፤ «ዛሬ ያስገቡታል» አለችኝ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ምሰሶ ወድቋል አሉ፣ መብረቅ መትቶታል አሉ፤ ብቻ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ ድርግም። ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፤ ያየው የለም። ጎረቤቴ ይታይሽ እያደረች ታጽናናኛለች፤ ግን እሷ ራሷ ስታጽናናኝ ዓይኗን ትሰብራለች። ሥራ ያስረሳኛል ብዬ መኪናው ፊት ተቀምጬ የማንንም ሱሪ ባነሳ መርፌው እየሳተኝ ጣቴን ወጋሁት። እግሬን አውልቆ ያስቀመጠኝን ጭቃ ረግሜዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ብሄድ ኖሮ ቢያንስ አየው ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን፣ ሱቄ በር ላይ እግሬን በርጩማ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ከመናኸሪያው በኩል የአያ ሞላ ጋሪ ብቅ አለ። አያ ሞላን ሰፈሩ የሚያውቀው በጩኸቱ ነው፤ ጅራፉን እያጮኸ፣ በሴቶቹ እያላገጠ ነው የሚያልፈው። የዚያን ቀን ግን ከጋሪው ወርዶ፣ ፈረሱን በልጓሙ እየሳበ በእግሩ ይመጣል። ባርኔጣው እጁ ላይ ነው። ጋሪው ላይ አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ልብሷ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል። ሲቀርቡ ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ተላጭቶ ራሷ ሲያበራ አየሁ። ስመኝ ነች።

ማለዳ ነው። ጥቁር ነው። የተቀደደ ልብስ ነው፣ የተላጨ ራስ ነው፣ ባርኔጣውን ያወለቀ ሽማግሌም አብሮ አለ። በእኛ አገር መርዶ ሌላ ምን ምልክት አለው? ያንን ሱሪ በገዛ ምላጬ የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ አላወቅሁትም። ሃያ አምስት ብር እየተቀበልኩ አንድ ከተማ ሙሉ ልጅ ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ አንዱም ትዝ አላለኝ። ጮህኩ። በሁለት እግሬ ቆሜ ጮህኩና ወዲያው ወደቅሁ። ስመኝ ከጋሪው ዘላ «አባየን! አባየን!» እያለች መጥታ ላዬ ላይ ተደፋች፤ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ይታይሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ወጣች። ከየጓዳው ሰው ፈሰሰ። አያ ሞላ በጋሪው እንጨት ላይ ተደግፎ ያለቅሳል። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ቤቱ ሦስተኛው በር ስለነበር ጥሩምባውን ይዞ መንገድ ገባ። ድንኳን ይምጣ ተባለ። እኔ ያልኩትን ብዬ አለቀስኩ፤ ያልኩትን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ምን ያህል እንዳለቀስን አላውቅም። ይታይሽ ናት ስመኝን ከእኔ ላይ አንስታ፣ እንባዋን እየጠረገችላት «ልጀ፣ መቼ አረፈ? ሌሊት ነው?» ብላ የጠየቀቻት። ስመኝ «እኔ ምን አውቄ? እናንተ አይደላችሁ የሰማችሁ!» አለች። «እንዴት እኛ?» «እኔ ማታ ሾርባ ጠጥቶ ተኝቶ ነው የተውኩት! ከወጣሁ በኋላ ነው እንዴ? ማን ደወለላችሁ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ስመኝ ዞረ። «ሾርባ?» አለች ይታይሽ። «የዶሮ ሾርባ። ጨው አነሰው ብሎ ተነጫነጨ።» ጨው አነሰው የሚለው ቃል ነው ነፍሴን የመለሰልኝ። ይሁኔ ነው፤ በሕይወት ያለ ይሁኔ እንጂ ማን ነው በሾርባ ጨው የሚነጫነጨው? ልጄ እኔን ስጮህ ስታይ ሌሊት ኔትወርክ ተመልሶ ወሬ ቀድሟት የደረሰን መስሏት ነው ያበደችው። እኔ የእሷን ልብስ አይቼ፣ እሷ የእኔን ጩኸት ሰምታ፣ ሁለታችንም በአንድ በቁሙ ባለ ሰው ላይ ተላቀስን። «ታዲያ ይኸ ጥቁር ምንድን ነው? ይኸ ቀዳዳስ?» ብላ ይታይሽ ጮኸችባት። ስመኝ ዙሪያዋን አየች፣ ሰውን ሁሉ አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፋሽን ነው» አለች።

እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅሁት። እግሬ እንደ እሳት እየነደደ፣ መሬት ላይ እንደተዘረጋሁ ሳቅሁ። ከዚያ ለቀስተኛው ሁሉ። ያ ሁሉ የቀደድኩት ጂንስ መጨረሻ ላይ እኔኑ አስለቀሰኝ ብዬ ሳስብ ሳቄ አልቆም አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለውም። ከሰውነቴ ላይ ተራራ የወረደ ያህል ቀለለኝ። አያ ሞላ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ለካ ስመኝ ከሚኒባስ ወርዳ ጋሪው ላይ ስትወጣ አለባበሷን አይቶ «አይዞሽ ልጀ፣ በርች፤ እናትሽ ከአንች በቀር ማን አላት» ብሏት ኖሯል። እሷ ደግሞ ስለ ማስታመሙ የሚያበረታታት መስሏት «እሽ አያ» ብላ አንገቷን ደፋች። አንገቷን የደፋችውስ ሌላ ነገር ፈርታ ነበር፤ ያንን የተላጨ ጭንቅላት እኔ ሳየው የምለውን። ድንገት አንዱ «ጥሩምባው!» ብሎ ሲጮህ ነው ያስታወስነው። አያ ሞላ ዘሎ ጋሪው ላይ ወጥቶ፣ ፈረሱን በዚያ በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ጋልቦ፣ ጥሩምባ ነፊውን ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰበት። ሁለት ሰፈር ነፍቶ ጨርሶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከእነዚያ ሰፈሮች ነጠላውን ዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው በር ላይ እየተቀበልን «ድኗል፣ ግቡ» ስንል ሰነበትን።

ሲረጋጋ ስመኝን ስለ ፀጉሯ ጠየቅኋት። አባቷ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፉት እጇን ይዞ «ስሚ፣ ከዚህ ከወጣሁ ፀጉርሽን እንዳሻሽ አድርጊው፤ እኔ ምን ቸገረኝ» አላት። በማግስቱ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ሲጠይቅ እሷ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ገብታ ወጣች። ሻንጣዋ ውስጥ ያለውን ጥቁር ልብስም አጠለቀች፤ ደስታዋ ነበር። አባቷ አይቷት «ግማሹን ማን ነጠቀሽ?» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ስፌቱ አመመውና እሷንም ፀጉር ቆራጩንም ረገማቸው። ወደ ዳንግላ የላካት እሱ ነው፤ «ኔትወርክ የለም፣ እናትሽ ትጨነቃለች፣ ሂጅና መዳኔን ንገሪያት» ብሎ።

ጎረቤቶቼ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል አሉ። እንዳሉትም ሆኗል፤ እኔ እንጅባራ ስሰነብት እሱ ዳንግላ ላይ ቁልፍ ይዞ ቀርቶ ነበር፤ ሱሪውንም ዛሬም ራሱ ይተኩሳል።

ሆስፒታሉ ሲለቀው ከመናኸሪያ ያመጣው አያ ሞላ ነበር፤ ካሳ ይሁነኝ ብሎ ሒሳብ አልተቀበለም፣ ወሬውን ግን መንገድ ላይ አራግፎለት ነው የመጣ። አልጋው ላይ ካጋደምነው በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ይሁኔ «ማን ማን አለቀሰልኝ?» አለኝ። ቆጠርኩለት። «ይታይሽ ምን አለች?» «‹ደጉ ጎረቤቴ› አለች።» «በአጥሩ ስንጣላ ‹ክፉ› አላለችኝም?» አለና ፈገግ አለ። «አንችስ? ምን ብለሽ አለቀስሽ?»

«እኔ እግሬን አሞኝ ነበር» አልኩት።

«ሞላ ሰምቶሻል። ካልነገርሽኝ እሱን እጠይቃለሁ።»

ፊቴን ወደ ጅምር ሥራዬ አዞርኩ። ክር ያለው መርፌ አንስቼ እንደገና ክር ልከትበት ሞከርኩ። «‹ሳልጠግብህ› ነው ያልኩ» አልኩት።

በክርኑ ቀና አለ። «ሃያ ሰባት ዓመት ኑረን?»

«አዎ።»

«ሦስት ልጅ ወልደን?»

«አዎ አልኩህ እኮ።»

ተመልሶ ጋደም አለ። «አለምነሽ» አለኝ፣ «ይኸን ሳልሞት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሳትሞት ነው እኮ የነገርኩህ» አልኩት። እሱም ስፌቱን በሁለት መዳፉ ደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።